ወርቅ ጥርስ ያወጣችው ነጬ

መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ አጥር ጥግ፣ የደብረ ታቦር መኪና በሚሞላበት በኩል፣ መስከረም ሲጠባ በቆሎ ጠባሾች ይደረደራሉ። ከሰላቸውን በተቀደደ ብረት ድስት አድርገው በካርቶን ቁራጭ ያራግቡታል። ከሥራ ስወጣ በዚያ ነው የማልፈው። ሽታው ይጠራኛል፣ እኔም አቤት እላለሁ። ወገዳ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ብር ሁለት ይሰጡን የነበረው በቆሎ ዛሬ አንዱ ብቻውን የምሳ ያህል ይጠየቅበታል፤ ቢሆንም እገዛለሁ። እንደ ሰው የተጠበሰውን ተቀብዬ አልሄድም። ከጆንያው ራሴ መርጬ፣ ራሴ ሸልቅቄ ነው የማስጠብሰው። ጠባሾቹ አመሌን ስለሚያውቁ «መጣች ደግሞ ሙሽራ መራጯ» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ግን የሸለቀቅኩት እጄ ላይ ቀረ። ስስ ቆረቆንዳ፣ ቀጥ ያለ ድርድር፣ ነጭ ፍሬ። ዓይኔ ሳያውቃት እጄ አወቃት። ገልበጥ ሳደርጋት በነጩ መካከል ሁለት ቢጫ ፍሬ ብቅ አለ፤ የጎንደር እመቤት ስትስቅ እንደምታሳየው ወርቅ ጥርስ። ቀና ብዬ ሻጯን ባያት፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ ነው ያላወቅኳት እንጂ፣ የሰፈራችን ሴት እታገኝ ናት። በቆሎው ከየት እንደመጣ ጠየቅኳት። ከኛው ሰፈር ነው አለችኝ። ማን እንደዘራው፣ ምን ተብሎ እንደሚጠራም ነገረችኝ። የነገረችኝን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ። አሁን ብጽፈው በቆሎ ደግሞ ምን ያናድዳል ትሉኛላችሁ።

ትዝታ የሽማግሌ ሥራ ነው ይላሉ። እኔ ሠላሳ አልሞላኝም። ግን የሰው ዘመን ሲያልቅ ፀጉሩ እስኪሸብት አይጠብቀውም። የእኔ ዘመን ያለቀው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ፊት፣ በቆሎ ስሸለቅቅ ነው።

ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ዛሬ ሳስበው ወርቃማ ይመስለኛል፤ ያኔ ግን ጭቃ ነበር። ወገዳ ላይ ዘጠነኛና አሥረኛ ስማር ከሌሎች ሴት ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ዓርብ ከሰዓት ከትምህርት ቤት በቀጥታ ቁልቁል ወደ ቆላው፣ ወደ ሰፈራችን እወርዳለሁ፤ እሑድ ስንቄን በጀርባዬ አዝዬ ዳገቱን እመለሳለሁ። ጫማችን ኮንጎ ነው፤ ፀሐይ ላይ ያቃጥላል፣ እሳት ዳር ይቀልጣል። ሸራ ጫማ ያደረገች ልጅ የነጋዴ ልጅ ናት፣ ትታወቃለች። ሰማያዊ ሹራባችን እጅጌው እስኪተረተር ይለበሳል፣ ከተተረተረም በኋላ ይለበሳል። ስልክ ያላቸው ልጆች ከገበያው በታች ባለው ሱቅ ከፍለው ያስሞላሉ፤ ባለ ሱቁ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ይጭናል፣ በረንዳው ላይ ያስቀመጠው ስፒከርም ቀኑን ሙሉ ያንኑ የእስክስታ ዘፈን ይደጋግማል። የገበያ ቀን አህያው፣ አይሱዙው፣ የጨው ሻጩ ጩኸትና ያ ዘፈን አንድ ላይ ሲደባለቁ ጆሮ ያደነቁር ነበር። አሁን ያን ጩኸት በገንዘብ ቢሸጡልኝ እገዛዋለሁ። ደጋዎቹ ልጆች ገብስና ስንዴ ይዘው ይመጣሉ፤ እኛ የቆላዎቹ ቂጣችንም በቆሎ፣ ቆሏችንም በቆሎ። አንዷ የደጋ ልጅ ጥርሴን አይታ በቆሎ ስትበዪ በቆሎ አበቀልሽ አለችኝ። ያንቺስ ገብስ ነው፣ ገለባው ገና አልለቀቀውም አልኳት። ከዚያ ወዲያ ተዋደድን።

ያ በቆሎ ታዲያ እንደማንም በቆሎ አልነበረም። ነጬ ነው ስሟ። ራሷ ትንሽ ናት፣ አገዳዋ አጭር ነው፣ ለዓይን አትሞላም፤ ግን ዝናቡ መስከረም ሳይወጣ ቢያቋርጥ እንኳ እሷ ጨርሳ ትጠብቃለች። በሰፈራችን ነጬን ከዘር እስከ ዘር የሚይዝ አንድ ቤት ነበር፣ የኛ ቤት። የዘር ቤት ይባል ነበር። ክረምቱ ከፍቶበት ዘሩን የበላ፣ ነቀዝ የጨረሰበት፣ አዲስ ጎጆ የወጣ፣ ሁሉም ግንቦት ላይ እኛ ደጅ ይመጣል። ዘር አይሸጥም። እህል አምጥቶ ይለውጣል፤ የሌለው ደግሞ ለመኸር መልሶ ያመጣል። እናቴ፣ እምዬ፣ አንድም ሰው ስትመልስ አላየሁም። የአባቴን አጥር ያቃጠለ ሰው ሳይቀር መጥቶ ሰፍራለታለች። «ዘር ለደመኛም አይነፈግም» ትል ነበር፤ «የሚራበው እሱ ብቻ አይደለም፣ ልጁም ነው።»

አመራረጧን ብነግራችሁ ደስ ይለኛል፤ ከኔ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝምና። ነሐሴ ላይ፣ በቆሎው ገና ቆሞ ሳለ፣ ማሳው መሀል ትገባለች። ከዳር አትመርጥም፤ ዳሩ ፀሐይና ነፋስ ስለሚያደላለት ያታልላል ትላለች። መሀል ላይ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጋፍቶ ቀድሞ ያበበውን፣ ቅጠሉ ያልገረጣውን አገዳ ትፈልግና ክር ታስርበታለች። ክሩ የኔ ሹራብ ነው። ያለቀውን ሰማያዊ ሹራቤን ተርትራ በድቡልቡል ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች። ሰማያዊ ክር ያለበትን እሸት የነካ ልጅ ወገቡ ይጠበሳል። መኸር ሲደርስ ሌላው ሳይነካ በፊት ክር ያለው ይሰበሰባል፣ ሽፋኑ ሳይቆረጥ ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለት ሁለቱ ይታሰራል፣ ከምድጃው በላይ ባለው ወራጅ ላይ ይሰቀላል። ጭሱ ነቀዝን ይከለክለዋል። ግንቦት ላይ ሲወርድ እንደ ደብተራ መጽሐፍ ጠቁሮ ነው የሚወርደው። ያኔም ሁሉ ፍሬ አይዘራም። እየፈለፈለች «ጫፍና ግርጌ ለሆድ፣ ወገቡ ለመሬት» ትላለች። የጫፉንና የግርጌውን ፍሬ ለቆሎ ታወጣዋለች፤ የወገቡን ብቻ ለዘር። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ወደ ቤት ስመለስ ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ እሷ ድቡልቡሉን ክር እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። አንድ ሰው ሥራ ሰጥቶኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድሜን አያ ስማቸው እለዋለሁ። አባታችን ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት ስመዘገብ ወገዳ ድረስ ያደረሰኝ፣ ስንቄን ዳገቱ ወገብ ድረስ የሚሸከምልኝ እሱ ነበር። ሴት በሬ አትጠምድምና የእምዬንም ማሳ የሚያርሰው እሱ ነው። በቆሎው ጉልበት ሲያክል በመስመሩ መካከል በሬ ነድቶ ሲሸለሽል እኔ ከኋላው የወደቀውን አገዳ እያቀናሁ እከተለዋለሁ። ያኔ ስለ ሁሉ ነገር እናወራ ነበር። ሳስበው ዛሬም የሚያመኝ ማሳው አይደለም፣ ያ ወሬ ነው።

እምዬ ስትታመም የነፍስ አባታችንን አስጠራችና ተናዘዘች። ቤቱን፣ በሬውንና የላይኛውን ማሳ ለአያ ስማቸው። ከዚያ ወደ ወራጁ ቀና ብላ አየች። «ነጬን የያዘ የወንዝ ዳሩን ማሳ ይያዝ» አለች፤ «ጥሩዬ ናት የያዘችው።» ጥሩዬ እኔ ነኝ። አያ ስማቸው ጉልበቷን ስሞ እሺ አላት። ቄሱም ሰሙ፣ እኔም ሰማሁ። የወንዝ ዳሩ ማሳ ሰፊ አይደለም፤ ግን የኔ የሚባል መሬት፣ ማንንም ባል ሳልጠብቅ የምቆምበት፣ እሱ ብቻ ነበር።

እሷን በቀበርን በዓመቱ ቢጫው በቆሎ መጣ። መጥፎ አልነበረም፣ ስሙን አላጠፋም። ራሱ ክንድ ያክላል፣ ፍሬው የእንቁላል አስኳል ይመስላል። ያመጣው የግብርናው ልጅም ጨዋ ነበር፤ የበቆሎ አበባ ዱቄት በነፋስ እንደሚሄድ፣ ቢጫውና ነጩ ጎን ለጎን ከተዘሩ እንደሚደባለቁ፣ አራርቃችሁ ዝሩ እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ነግሮናል። በሚካኤል ማኅበር ላይ ነገሩ ተነሣ። እኔ ጠላ እቀዳ ነበር። ጽዋው ያን ቀን የአያ ስማቸው ተራ ነበርና በእጁ እንደያዘ ተነሥቶ ቆመ። ቢጫውን የፈለገ ከሸንተረሩ ማዶ ይዝራ፣ ከሸንተረሩ ወዲህ ነጬ ብቻ፣ አለ። ሰዉ ተስማማ። እሱ ግን አልተቀመጠም። «የእናቴን ዘር የነካ ይህን ጽዋ የነካ ነው» አለ። አንድ ሽማግሌ እንዴት ያለ ወንድም አለሽ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም ኮራሁ። በማግስቱ የላይኛውን ማሳ የሚዘራበትን ነጬ፣ የወገቡን ፍሬ ብቻ መርጬ፣ በገዛ እጄ ሰፍሬ ሰጠሁት። የላይኛው ማሳ ከኔ የወንዝ ዳር ማሳ ልክ በላይ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው።

በቆሎ ሌባ ነው፤ ቅጠሉ ምሥጢር አያወጣም። ቢጫውም ነጩም አረንጓዴ ነው፣ አበባውም ያው ነው። ያን ክረምት ሙሉ ከላይኛው ማሳ ሥር ስኮተኩት ከርሜ ምንም አላየሁም። አገዳው ከልማዱ ረዘም ማለቱን አይቼ ነበር። ማዳበሪያው ነው አለኝ፤ አመንኩት። በነሐሴ ሰማያዊ ክሬን እያሰርኩ ስዞር እሱ ከላይ ሆኖ ያየኝ ነበር፤ አሁንም ይታየኛል፣ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እያየኝ።

ግንቦት የሚመጣው የተቸገረ ነው፤ በኅዳር ግን ዘር ቀድመው የሚለወጡ ጎረቤቶች እንደ ወጉ ደጃችን ተሰበሰቡ። ወጉ እንዲህ ነው፤ የዘር ቤቷ ሴት ክር ያለውን በቆሎ ሰው ፊት ትሸለቅቃለች፣ ሰው አይቶ ይመርጣል። እምዬ ከሄደች ወዲህ በዚያ መደብ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። አዲስ ነጠላ ለብሼ ነበር። የመጀመሪያውን ሸለቀቅኩ፤ ቢጫ። ሙሉው አይደለም፣ እዚህም እዚያም፣ ነጩ መሀል ጣልቃ ጣልቃ እየገባ። በአጋጣሚ ነው ብዬ ከጎኔ አስቀመጥኩት። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛውም። በመጨረሻ አንዱ ጎረምሳ «እሰይ፣ ነጬ ወርቅ ጥርስ አሠራች» አለ፤ ሰዉም ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረውም፤ ሳቃቸውን ጨርሰው አንድ በአንድ ከረጢታቸውን እያጣጠፉ ሄዱ። የተደባለቀ ዘር ማን ይለውጣል? ከዝናቡ በፊት ይድረስ ወይም ከዝናቡ በኋላ ይድረስ የማይታወቅ ዘር ለሰፈር አይሰጥም። የዘር ቤት የመሆናችን ነገር እዚያው ደጃችን ላይ አለቀ።

ነጠላዬን ጥዬ ወደ ላይኛው ማሳ ሮጥኩ። ያልታጨደ ነበር። አንዱን አገዳ ጎንበስ አድርጌ ራሱን ሸለቀቅኩት፤ ከጫፍ እስከ ግርጌ አስኳል የመሰለ ቢጫ። ሁለተኛውም፣ ቀጣዩም። አያ ስማቸው ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል።

«የሰጠሁህን ዘር የት አደረስከው?» አልኩት።

«በላነው።»

«ዘር በላህ?»

«ክረምቱ ከፋብን እኮ፣ ጥሩዬ፤ ልጆች አሉኝ። እንዳንቺ ብቻዬን አይደለሁም።»

ልጆቹን ብሎ ቢበቃው ምናልባት ይቅር እለው ነበር። ግን በዚያው ሰሞን የግብርናውን ልጅ መንገድ ላይ ሳገኘው፣ ምንም ሳያውቅ፣ ወንድሜን አመሰገነልኝ፤ ቢጫውን ከሰፈሩ ቀድሞ የወሰደ እሱ ነው፣ ከማኅበሩም በፊት ነው አለኝ። ስለዚህ ጽዋውን ይዞ ሲምል ቢጫው ዘር ጎተራው ውስጥ ነበር ማለት ነው። እኔ ጠላ ስቀዳለት ያውቅ ነበር። ዘር ስሰፍርለት ያውቅ ነበር።

ሽማግሌ አስቀመጥኩ። ዛፍ ሥር ተቀመጥን፣ ቄሱም መጡ። ተናገርኩ፤ ብዙ ተናገርኩ፣ ምናልባትም ጮህኩ። አያ ስማቸው አልጮኸም። «እናታችን ነጬን የያዘ ማሳውን ይያዝ ነው ያለችው» አለ ረጋ ብሎ፤ «አባቴ፣ አንቱም ሰምተዋል። ነጬ አሁን የታለች? ታሳያችሁ።» ቄሱ ሰምቻለሁ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሰምተዋል። ሽማግሌዎቹም ኑዛዜ አይተረጎምም፣ እንደተባለው ነው አሉ፤ በዚያ ላይ በሬ የሌላት ሴት ወንዝ ዳር ምን ታደርጋለች፣ መካነ ኢየሱስ የሚፈልግሽ ነጋዴ አለ ይላል ወንድምሽ አሉኝ። ነጋዴውን ያኔ ነው የሰማሁት። ለካ ባሌም ተመርጦልኝ ነበር፣ እኔ የመረጥኩት ዘሬን ብቻ ነው።

ነጋዴውን አላገባሁም። መካነ ኢየሱስ ግን መጣሁ። ሰው የጣለውን ያን ወርቅ ጥርስ በቆሎ በጆንያ ይዤ መጣሁ። ኮምፒውተር ተማርኩና መሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ ያለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። የሰው የመሬት ክርክር ማመልከቻ የምተይበው እኔ ነኝ። እህት በወንድሟ ላይ፣ መበለት በባሏ ወንድሞች ላይ። አንዳንዷ እያለቀሰች ስትነግረኝ እጄ ቀድሟት ይጨርሰዋል፤ ቃሉን አውቀዋለሁ። የተከራየሁት እማሆይ ወለተ ማርያም ከሚባሉ መነኩሴ ቤት ነው፤ ጓሯቸው ውስጥ ድንች ብቻ ነበር። ጥግ ላይ እንድዘራ ለመንኳቸው። ከጆንያው ነጩን ፍሬ ብቻ ለቅሜ፣ ወርቅ ጥርሱን አውጥቼ ለእማሆይ ዶሮ ሰጥቼ ዘራሁ። በመጀመሪያው ዓመትም ጥቂት ቢጫ አልጠፋም፤ ለቀምኩ። በሚቀጥለው ቀነሰ። ከክረምት ክረምት እየለቀምኩ፣ ሰማያዊ ክር እያሰርኩ፣ እማሆይ ምድጃ ላይ እየሰቀልኩ ኖርኩ። እማሆይ «ቤቴን የበቆሎ ቤተ መቅደስ አደረግሽው» እያሉ ያሾፉብኛል። አንድ ኅዳር ላይ ሁሉንም ሸልቅቄ ሳይ አንድም ቢጫ አልነበረም። ማንም አልነበረም የማሳየው። እማሆይን ጠራኋቸው። አንዷን ራስ አገላብጠው አዩና «ጥርሷ ዳነ» አሉኝ።

ካቻምና ግንቦት ላይ አያ ስማቸው መጣ። ጋቢው በዝናብ ከብዶታል፣ ጢሙ ሸብቷል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዝናቡ ቀድሞ ወጣ፣ ቢጫው ሳይሞላ ደረቀ አለኝ። ሰፈሩ ዘር የለውም። ዓይኑ ግን እኔ ላይ አልነበረም፤ ከምድጃው በላይ ወደተሰቀለው በቆሎ ነበር። ቀና ብሎ ሲያይ እምዬ በኑዛዜዋ ቀን ያየችበት አስተያየት ነበረው፤ የሷ ልጅ ነው እኮ።

«እንዴት ብለህ ትለምነኛለህ?» አልኩት።

«እምዬ አትነፍግም ነበር።»

«እምዬን ጽዋ ይዘህ የሸጥክ አንተ።»

ከዚያ የወንዝ ዳሩ ማሳ ላይ ብቻ እዘራታለሁ፣ ከሸንተረሩ ወዲህ ቢጫ አላስገባም፣ እምልልሻለሁ አለ። መሐላ ጠግቤያለሁ፣ አትማልልኝ አልኩት። አወረድኩ። ፈለፈልኩ። ጫፍና ግርጌውን ለብቻ፣ ወገቡን ለብቻ። የወገቡን ሰፍሬ ሰጠሁት። እማሆይ ከጥጋቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው ያዩኝ ነበር፤ ሲሄድ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «የናትሽን ሕግ ፈጸምሽ። የሱን ለእግዜር ተይው።» ያን ሌሊት ደህና ተኛሁ። ሞኝነቴን የምቆጥረው ከዚያ ጀምሮ ነው።

እንግዲህ ወደ መናኸሪያው ልመለስ። እታገኝ የነገረችኝ ይህ ነው። አያ ስማቸው የሰጠሁትን ነጬ የላይኛው ማሳ ላይ ከቢጫው ጎን ዘራት፤ ቢጫው ቢደርቅ ነጬ ትተርፋለች ብሎ። ሁለቱም ደረሱ። በዚህ ክረምት ሰፈሩ ሁሉ የዘራው ከሱ ለውጦ ነው።

«የዘር ቤት አያ ስማቸው ነው ዛሬ የሚባለው» አለችኝ እታገኝ፣ ደስ እንዲለኝ ብላ። «እግዜር ይስጠው፣ የናትሽን ስም አስጠራ። ነጬ እያልን ነው የምንበላው።»

«ይኼ ቢጫውስ፣ እትዬ?»

«እሱማ ጌጧ ነው አለን። ከናቴ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነበረች፣ ጥሩዬ ልጅ ስለነበረች አታስታውስም አለን።»

ማሳዬን ሲወስድ ማሳ ነው የወሰደው። ዘሬን ሲያበላሽ ዘር ነው ያበላሸው፤ ለቅሜ መለስኩት። እምዬን ግን፣ ነሐሴ ላይ ክር ይዛ ማሳው መሀል የምትቆመውን ሴትዮ፣ በሌላ ሴት ለወጠብኝ፤ እሷን ከየትኛው ጆንያ ልልቀም?

በቆሎዋን ሳላስጠብስ ይዤ ቤት ገባሁና በእማሆይ ምድጃ ጠበስኳት። ነጩን አልነካሁትም። ሁለቱን ቢጫ ፍሬ በጥፍሬ ነቅዬ በላኋቸው። ይጣፍጣሉ። የሚያናድደው እሱ ነው።

ጓሮ ውስጥ የኔዎቹ ቆመዋል፤ ክራቸው ታስሯል፣ ንጹሕ ናቸው። ወርቅ ጥርሱ እየበዛ ሲሄድ፣ ዝናቡም ቀድሞ ሲወጣ፣ አያ ስማቸው ግንቦት ላይ ተመልሶ ይመጣል። ደጄን አልዘጋበትም። ቁናውን አፍ እስከ ገደፉ ሞልቼ እሰፍርለታለሁ፤ ጎደለብኝ አይልም። እምዬ ዘር አይነፈግም አለች እንጂ፣ ዘር ለበላ ሰው ከየትኛው በኩል ይሰፈርለት አላለችም። ጫፍና ግርጌው ለሆድ ነው። ለብቻው የማጠራቅምበትን ከረጢት ዛሬ ሰፍቼ ጨረስኩ።